ሦስት አረባብ በአንድ ግቢ፦ የግንፍሌ ዶሮዎች የሥራ ማስታወሻ

ግንቦት፦ ቦታና እቅድ

ቦታው ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ ያለው የእናቴ ግቢ ነው። ከማድቤቱ ጀርባ 8 ሜትር በ3 ሜትር የሚሆን ባዶ መሬት አለ። ድሮ የማገዶ ማስቀመጫ ነበር። በሁለት በኩል የብሎኬት ግድግዳ ይዞታል፤ በአንድ በኩል የጎረቤት አጥር ነው። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት መኝታ ቤት መስኮት አለ። ከመሬቱ ጥበት ይልቅ ያ መስኮት ነው የሚያሳስበኝ።

እቅዱ ይህ ነው። 36 ዶሮ፣ አንድ ዝርያ፣ አንድ ዕድሜ፣ አንድ መኖ። በሦስት ቦታ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሆነው ይገባሉ። የመጀመሪያው ኬጅ ነው፣ የሽቦ ቤት። ሁለተኛው ጥልቅ ጉዝጓዝ ነው፤ ወለል ላይ ፍቅፋቂ በደንብ ተነጥፎ ዶሮዎቹ በዝግ ቤት ውስጥ እንደልባቸው የሚንቀሳቀሱበት። ሦስተኛው ከፊል ልቅ ነው። ማታ ጉዝጓዝ ላይ ያድራሉ፣ ቀን በሽቦ ወደታጠረ አፈር ይወጣሉ።

የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየሰፈሩ ኬጅ ማየት የተለመደ ሆኗል። ቦታ ስለሚቆጥብ ምክር የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራልኝ እሱን ነው። እናቴ ደግሞ ያደገችው ገጠር ነው። «ዶሮ ካልጫረች ምኑን ዶሮ ሆነች?» ትለኛለች። ሁለቱንም ወገን አከብራለሁ። ስለዚህ ወጪውን፣ ልፋቱንና ሽታውን በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ላየው ወሰንኩ።

ስፋቱን እንዲህ አወጣሁት። በጉዝጓዝ ለአንድ ካሬ ሜትር 5 ወይም 6 እንቁላል ጣይ ይመከራል። ለ12 ዶሮ 2.5 ካሬ ሜትር ይበቃል፣ 2 ሜትር በ1.25። ለከፊል ልቅም ያው ቤት ሆኖ፣ ከፊቱ 10 ካሬ ሜትር ገደማ አፈር ይጨመርለታል። ኬጁ ሁለት ፎቅ ነው። በያንዳንዱ ፎቅ 45 በ45 ሳንቲም የሆኑ ሁለት ክፍሎች አሉ፣ በያንዳንዱ ክፍል ሦስት ዶሮ። ለአንዷ የሚደርሳት 675 ካሬ ሳንቲም ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2012 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የከለከለው ተራ ኬጅ ለአንድ ዶሮ ይሰጥ የነበረው 550 ካሬ ሳንቲም ነበር። ቆጥና መጣያ ሳጥን ላለው የተሻሻለ ኬጅ ደግሞ 750 ይጠይቃሉ። የኔው በሁለቱ መካከል ነው። ከዚህ በላይ ማጥበብ አልፈለግኩም።

ሰኔ፦ ግንባታ

ክረምቱ ሳይጠና ቆርቆሮ መመታት አለበት። የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ስለዚህ ሥራው ከጣሪያው ጀመረ፤ ወለሉ ቆየ።

ማዕዘኑ የባህር ዛፍ አጠና ነው። እግሩን የተቃጠለ ዘይት ቀብተን ቀበርነው። ጣሪያው ወደ ውጭ ያዘነብላል፣ ቦዩ ወደ መንገድ ይወጣል። ጣውላውንና ሁለት አሮጌ የመስኮት ፍሬሞችን ከመርካቶ ምናለሽ ተራ አገኘሁ። አዲስ ጣውላ ከመግዛት በግማሽ ያህል ረከሰልኝ። ቆርቆሮና ሲሚንቶ ላይ ግን ቅናሽ የለም። ለሁለቱ ቤቶች ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ብሎኬት፣ አጠና፣ ምስማርና የአናጢ ቀን ሥራ ተደምሮ 31,000 ብር ገደማ ወጣ።

ግድግዳው ከስር 60 ሳንቲም ብሎኬት ነው፣ ከላይ ሽቦ። ምክንያቱ ይህ ነው። ዶሮ በሚተኛበት ከፍታ ንፋስ መግባት የለበትም፤ ከራሷ በላይ ግን አየሩ መውጣት አለበት። የአዲስ አበባን ብርድ የፈራ ሰው ዙሪያውን ደፍኖ ይሠራል። ያን ጊዜ እርጥበትና የኩስ ጋዝ ቤት ውስጥ ይታፈናል። ዶሮ ደረቅ ከሆነችና ንፋስ ካልመታት ብርዱን ትችለዋለች። ለሌሊት ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋ መጋረጃ አለ፣ ጠዋት ተጠቅልሎ ይታሰራል።

ወለሉ ሊሾ ነው። አፈር ቢሆን ይረክስ ነበር። ነገር ግን ግንፍሌ ወንዝ ዳር አይጥ አይጠፋም፤ ከስር ቆፍሮ ይገባል።

ኬጁን የሠራው የሰፈራችን በያጅ ነው። እግሩ ቱቦላሬ፣ ወለሉ ጋልቫናይዝድ ሽቦ። እንቁላሉ ተንከባሎ ወደ ፊት እንዲወጣ ወለሉ በትንሹ ያዘነብላል። ከየፎቁ ስር የኩስ ትሪ አለ፣ ከላሜራ። ውሃው በኒፕል ነው፣ ዶሮዋ በመንቆሯ ስትነካው ጠብ በሚል ትንሽ ቧንቧ። 20 ሊትር ባልዲ ከኬጁ ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ኒፕል ብዙ ግፊት ስለማይፈልግ ከቧንቧ ጋር አላገናኘሁትም። ውሃችን በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ባልዲው ከሮቶ ይሞላል። ኬጁ ከነኒፕሉ 9,500 ብር ሆነ።

እስካሁን ያለው ሂሳብ ለኬጅ ያደላል። ለ12 ዶሮ የኬጁ ቤት ከሁሉም ረከሰ፣ ቦታም ከሁሉም ያነሰ ያዘ።

ሐምሌ፦ ቄቦቹ ገቡ

ከቢሾፍቱ ቦቫንስ ብራውን የተባለ የእንቁላል ጣይ ዝርያ 36 ቄብ መጣ፣ ዕድሜያቸው 16 ሳምንት። ዋጋው በነፍስ ወከፍ 700 ብር። የክትባት ካርዳቸው አብሮ መጣ፤ ማሬክስ፣ ጉምቦሮና ፈንግል ተከትበዋል። ካርድ የሌለው ቄብ በግማሽ ዋጋ ቢሰጡኝም አልገዛም።

ጉዝጓዝ ፍለጋው ቀላል አልነበረም። ሰጋቱራ በየጣውላ ቤቱ ሞልቷል፣ በጆንያ 60 ብር ነው። ግን ደቃቁ ሰጋቱራ ይቦንናል፣ ዶሮዎቹም ይለቅሙታል። የጤፍ ጭድ ሞከርኩ። ደረቅ እያለ ደህና ነው፤ ትንሽ ሲረጥብ ግን እንደ ምንጣፍ ተያይዞ ይጋገራል። ከሁሉ የተሻለው ጣውላ ሲላግ የሚወጣው ጥቅል ጥቅል ፍቅፋቂ ነው። ውሃ ይመጥጣል፣ ቶሎም ይደርቃል። አናጢዎቹ ለማገዶ ስለሚሸጡት ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። 10 ሳንቲም ውፍረት አነጠፍኩ።

ቆጡ ከአጠና ነው፣ ለአንድ ዶሮ 18 ሳንቲም። ለሦስተኛው ቡድን የግቢው በር ከሳምንት በኋላ ተከፈተ። መጀመሪያ አንዷ ወጣች። ሌሎቹ አንገታቸውን አስግገው አዩዋት። ከሰዓት ላይ ሁሉም ወጥተው አፈሩን ይጭሩ ነበር። እናቴ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች።

ነሐሴ፦ ጭቃ

ሦስተኛው ቡድን በሚወጣበት አፈር ላይ የነበረው ሣር በሁለት ሳምንት ውስጥ አለቀ። 12 ዶሮ ለ10 ካሬ ሜትር ሣር በጣም ብዙ ነው። ዝናቡ ቀጠለ፣ ግቢው ጭቃ ሆነ። ዶሮዎቹ ጭቃውን በእግራቸው ይዘው ይገባሉ፣ የቤቱ ጉዝጓዝም ይረጥባል። ጉዝጓዝ ደህና መሆኑን የምለየው በእጄ ጨብጬ ነው። ስለቀው ቀስ ብሎ ከተበተነ ደህና ነው። ጭብጥ እንዳለ ከቀረ ረጥቧል። ጨርሶ ካልተያያዘ ደግሞ ደርቆ ይቦንናል። የሦስተኛው ቤት ጉዝጓዝ ጭብጥ እንዳለ ይቀራል።

ከዚያ በሦስተኛው ቡድን ደም የቀላቀለ ኩስ ታየ። ሁለት ዶሮ ላባቸውን ነፍተው ጥግ ቆሙ። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ኮክሲዲዮሲስ ነው አለ። አምፕሮሊየም የተባለ መድኃኒት በውሃ አዘዘ። አንዷ ሞተች፤ ሌላዋ ዳነች።

የዚህን በሽታ መንገድ ማወቅ ለአረባብ ምርጫ ትልቅ ነገር ነው። ጥገኛው ከኩስ ጋር ይወጣል። እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በአንድ ሁለት ቀን በሽታ ወደሚያመጣበት ደረጃ ይደርሳል። ከዚያ ዶሮዋ ስትለቅም መልሳ ትውጠዋለች። ኬጅ ውስጥ ኩሱ በሽቦው ቀዳዳ ወርዶ ስለሚርቅ ዑደቱ ይቋረጣል። የኬጁን ዶሮዎች አንዳች አልነካቸውም። ሁለተኛው ቡድንም አልታመመም፤ ጉዝጓዙ ደረቅ ነበር። ስለዚህ ጠላቴ እርጥበቱ እንጂ መሬት ላይ መኖራቸው ብቻ አይደለም።

የተደረገው ይህ ነው። የሦስተኛው ቤት ጉዝጓዝ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ አዲስ ተነጠፈ። በሩ ፊት አንድ ሜትር ተኩል ያህል የጣሪያ ጥላ ተቀጠለ። ከጥላው ስር ጠጠር፣ ከጠጠሩ ላይ ፍቅፋቂ ፈሰሰ። ዶሮዎቹ እግራቸውን እዚያ ላይ አራግፈው ይገባሉ። ግቢው በሽቦ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ሲረገጥ ሌላው ያርፋል። ያረፈው ላይ ገብስ በተንኩበት። የቀረው ዝናብ እስኪያልፍ ድረስ የሚወጡት ቀኑ ሲፈካ ብቻ ነው።

በዚሁ ወር የጎረቤታችን እማማ ከአጥሩ ማዶ ጠሩኝ። ተቆጥተው አልነበረም። «ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት ይሸተኛል፣ ዓይኔንም ይለበልበኛል» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ ገብቼ ሦስቱንም አሸተትኩ። የመሰለኝ ጭቃማው ቤት ነበር። የኬጁ ትሪ ሆኖ ተገኘ። ትኩስ ኩስ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ላሜራ ላይ ተኝቶ የሚመጠው ነገር የለም። በሁለተኛው ቀን አሞኒያው ይነሳል። የአሥራ ሁለት ዶሮ ኩስ በክብደት ከሚበሉት መኖ አያንስም፤ በየቀኑ ከአንድ ኪሎ በላይ ነው። የኬጁ ትሪ ያለው ደግሞ በመስኮቱ በኩል ነው።

መስከረም፦ እንቁላል

የመጀመሪያው እንቁላል የመጣው ከጉዝጓዙ ቤት ነው፣ ለዘመን መለወጫ። ትንሽ ነበረች፣ የሐበሻ እንቁላል ታክላለች። በወሩ አጋማሽ ሦስቱም ቡድን ጀመሩ።

በጉዝጓዙ ቤት ግማሹን እንቁላል ወለል ላይ ይጥሉ ነበር። የመጣያ ሳጥኖቹ ቁጥር በቂ ነው፣ ለአራት ዶሮ አንድ፣ 30 በ30 ሳንቲም። ችግሩ ብርሃን ነው፤ ሳጥኑ በመስኮት ፊት ለፊት ነበር። ዶሮ ለመጣል ጨለማ ትፈልጋለች። ሳጥኖቹን ወደ ጥግ አዙሬ ከፊታቸው የጆንያ መጋረጃ ሰቀልኩ። በሳምንት ውስጥ ወለል ላይ የሚጥሉት አንድ ሁለት ብቻ ቀሩ።

በኬጁ በኩል ደግሞ እንቁላሉ ንጹህ ነው፣ ግን ይሰነጠቃል። ወለሉ ትንሽ አጋድሏል፤ እንቁላሉ ፈጥኖ ወርዶ ከፊት ያለው ብረት ላይ ይመታል። በያጁ መጥቶ የፊት እግሩን ሁለት ሳንቲም ከፍ አደረገልኝ። እኔም አሮጌ የውሃ ጎማ በርዝመቱ ሰንጥቄ ብረቱን አለበስኩት። ስንጥቁ ቀረ።

የኬጁ ትሪ በየቀኑ እንዲጸዳ ተወሰነ። መጀመሪያ በውሃ አጠብኩት። በቀን አንድ ጀሪካን ይበላል፤ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ አይቻልም። የታጠበው ቦይ ውስጥ ገብቶ ዝንብ አመጣ። ውሃውን ትቼ ትሪው ላይ ሰጋቱራ በተንኩ፣ ጠዋት በአካፋ እጠርገዋለሁ። ሽታው በጣም ቀነሰ። እማማም «አሁን ደህና ነው» አሉኝ። ግን ልብ በሉ፤ ኬጁ ጉዝጓዝ አያስፈልገውም ተብሎ ነው የሚሸጠው። እዚህ ግቢ ውስጥ ከሁለተኛው ቤት የበለጠ ሰጋቱራ የሚፈጀው እሱ ነው።

ጥቅምት፦ ላሞቹን ማየት

ከወንዙ ማዶ ሁለት የፈረንጅ ዲቃላ ላም ያላቸው እትዬ አሉ። ወተት ከሳቸው ነው የምንገዛው። ስለ ኩስ ከማንም የተሻለ ያውቃሉ ብዬ ሄድኩ።

ላሞቻቸው ከበረት አይወጡም። ድርቆሹ ከሱሉልታ በመኪና ይመጣል፣ ፉርሽካውና የኑግ ፋጉሎው ከመኖ ቤት፣ አተላው ከሰፈሩ ጠላ ቤቶች። ሁሉም ነገር ወደ ላሟ ይሄዳል እንጂ ላሟ ወደ ምንም አትሄድም። «ማለቡ አያደክመኝም» አሉኝ፣ «እበቱ ነው ወገቤን የቆረጠው።» አንድ ላም በቀን ከ20 ኪሎ በላይ እበት ትጥላለች። ከጥቅምት በኋላ ፀሐይ ስላለ ኩበት ጠፍጥፈው ይሸጣሉ፣ እንጀራ ጋጋሪዎች ይወስዱታል። ክረምት ግን አይደርቅም። ይከመራል፣ ሰው ከፍለው ያስጭናሉ።

ከዚያ ስመለስ ስለ አረባብ ያለኝ ሐሳብ ተለወጠ። ቦረና ወይም አፋር ያለው አርብቶ አደር ከብቱን ይዞ ይሄዳል፤ እበቱ ባለበት ይቀራል፣ መሬቱ ይበላዋል። የደጋው ገበሬ ከብቱን በማሳውና በበረቱ መካከል ያመላልሳል፤ እበቱ ፍግ ሆኖ ማሳ ይገባል ወይም ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። ሁለቱም እንስሳውን በእግሩ ያስኬዱታል። ከተማ ውስጥ እንስሳው ቆሞ መኖው ነው የሚጓዘው። የሚወጣው ነገር ግን በራሱ አይሄድም። ልቅ፣ ከፊል ልቅ፣ ዝግ የምንላቸው ስሞች ዶሮዋ የት እንደምትቆም ይነግሩናል። ለእኔ ግቢ ዋናው ጥያቄ ኩሱ የት ይሄዳል የሚለው ነው። ከዚህ በኋላ ሦስቱንም የምመዝነው በዚህ ነው።

ጥልቅ ጉዝጓዝ እዚህ ላይ ትልቅ ብልጫ አለው። ኩሱ ፍቅፋቂው ላይ ይወድቃል፣ ዶሮዎቹ ራሳቸው እየጫሩ ያዋህዱታል። ፍቅፋቂው ይመጠዋል፣ አየር ስለሚያገኝ እዚያው መብላላት ይጀምራል። የእኔ ሥራ በሳምንት አንዴ በመንሽ ማገላበጥና ሲሳሳ አዲስ መጨመር ነው። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ጥቂት ገብስ ስበትንበት ደግሞ ለእህሉ ብለው ጥግ ጥጉን ያገላብጡልኛል።

የፈንግል ክትባት ጊዜ ደረሰ። ቢሾፍቱ የሚመረተው ሙቀት ቻይ ክትባት በዓይን ጠብታ ነው የሚሰጠው፣ በየሦስት አራት ወሩ ይደገማል። የአንዱ ጠርሙስ መጠን ከኔ ዶሮዎች ይተርፋል፣ ከተከፈተ ደግሞ አይቀመጥም። ስለዚህ ለሰፈሩ ነገርኩ። የሐበሻ ዶሮ ያላቸው ጎረቤቶች በቅርጫት ይዘው መጡ። ፈንግል አጥር አያውቅም፤ የነሱ ዶሮ ስትከተብ የኔም ትጠበቃለች።

ህዳር፦ ብርሃንና ሸለምጥማጥ

እንቁላል ጣይ በቀን 16 ሰዓት ያህል ብርሃን ትፈልጋለች። የኛ ቀን ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው፣ በህዳርና በታህሳስ ትንሽ ያጥራል። ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በየቤቱ ገባ፣ ከታይመር ጋር። በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እየጨመርኩ ሄድኩ። ጭማሪው ጠዋት ነው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ። ማታ ቢሆን መብራቱ በድንገት ሲጠፋ ቆጥ ሳይወጡ ወለል ላይ ይቀራሉ። መብራት ኃይል ሲጠፋም እንዳይቋረጥ ቻርጅ የሚደረግ አምፖል ገዛሁ። አንዱ 450 ብር።

ሸለምጥማጥ መጣ። በሦስተኛው ቤት በኩል ባለ ስድስት ማዕዘኑን የዶሮ ሽቦ ከእንጨቱ ነቅሎ ገባ። ሦስት ዶሮ ገደለ፣ የበላው ግን የአንዷን አንገት ብቻ ነው። የሁለቱም ቤቶች ሽቦ ወጥቶ በብየዳ በተያያዘ ወንፊት ሽቦ ተተካ፣ ቀዳዳው ከአንድ ሳንቲም ብዙ አይበልጥም። በምስማር ፈንታ በጣውላ ተጨንቆ በብሎን ታሰረ። 6,800 ብር። የዶሮ ሽቦ ዶሮ እንዳይወጣ ይከለክላል እንጂ አውሬ እንዳይገባ አይከለክልም። ዶሮ ቤት የምትሠሩ ከመጀመሪያው ወንፊቱን ግዙ።

ታህሳስና ጥር፦ ሚዛን

ሦስቱም ቡድን ከፍተኛ ምርት ላይ ናቸው። ለሦስተኛው ቡድን የሞቱትን ተክቼ፣ ከዚያው ቦታ በዚያው ዕድሜ ያሉ ዶሮዎችን በማታ አስገባሁ። በማታ ሲገቡ ጠዋት ተላምደው ይነሳሉ፤ ቀን ቢገቡ ይደባደባሉ።

መኖ በየሳምንቱ እመዝናለሁ። ኬጅ ለአንድ ዶሮ 112 ግራም፣ ጉዝጓዝ 117፣ ከፊል ልቅ 124። ልዩነቱ ይገባኛል፤ የምትሮጠው፣ የምትጭረውና ብርድ የሚያገኛት የበለጠ ትበላለች። እንቁላል በቀን ኬጅ 11፣ ጉዝጓዝ 10 ወይም 11፣ ከፊል ልቅ 10። መኖ በኩንታል 5,400 ብር ስለሆነ የአንድ እንቁላል የመኖ ወጪ በኬጅ 6.60፣ በጉዝጓዝ 7.20፣ በከፊል ልቅ 8 ብር ገደማ ይመጣል።

ኬጅ በመኖ ያሸንፋል፣ አይካድም። ለአምስት ሺህ ዶሮ ያ ስልሳ ሳንቲም ትልቅ ገንዘብ ነው። ለ12 ዶሮ በቀን ስድስት ሰባት ብር ነው። ለዚያ ብዬ በየቀኑ ትሪ እጠርጋለሁ፣ ሰጋቱራ እገዛለሁ፣ ከመስኮቱ ስር የሚሸት ነገር አኖራለሁ። ሱቁ የኬጁንና የጉዝጓዙን እንቁላል በ17 ብር ይወስዳል። የከፊል ልቆቹን ሰፈርተኛው ራሱ በ20 ይገዛል። ቆስጣና ገብስ ስለሚበሉ አስኳሉ ደማቅ ነው።

ኩሱ ጋ ልመለስ። የኬጁ ትሪ ጥራጊ፣ የቤቶቹ አሮጌ ጉዝጓዝ፣ የግቢ ቅጠል፣ ሁሉም በጣውላ በታጠረ ሳጥን ውስጥ ይከመራል። አንድ እጅ ኩስ፣ ሦስት እጅ ደረቅ ነገር። የኬጁ ጥራጊ ብቻውን ሲከመር ይሸታል፣ ይላቁጣል። የጉዝጓዙ ግን ከነፍቅፋቂው ስለሚመጣ ምንም ሳይጨመርበት ይሞቃል። እጅ ሲገባበት አያስችልም። በየሳምንቱ ይገላበጣል። በሁለት ተኩል ወር ጥቁር አፈር ሆነ፤ የጫካ አፈር ይሸታል። ትኩስ የዶሮ ኩስ ችግኝ ያቃጥላል፣ የበሰለው ግን አያቃጥልም። በመንገድ ዳር ችግኝ የሚያፈሉ ልጆች በጆንያ 150 ብር ወሰዱት። እትዬም ለጎመናቸው ሁለት ጆንያ ጠየቁኝ፣ በወተት ተለዋወጥን።

የኬጁን ዶሮዎች እግር አየሁ። ጥፍራቸው ረዝሟል፣ ሽቦው ላይ የሚሞርደው ነገር የለማ። ላባቸው በአንገት በኩል ሳስቷል። ከሰዓት በኋላ መመገቢያው ውስጥ ባለው መኖ ላይ አቧራ የሚታጠቡ ይመስል ክንፋቸውን ያርገበግባሉ። ሌሎቹ አመድና አሸዋ የተቀላቀለበት ገንዳ አላቸው። እዚያ ውስጥ ተንከባለው ቅማላቸውን ያራግፋሉ። ይህን በየቀኑ ጎን ለጎን እያዩ ዝም ማለት ይከብዳል።

የካቲትና መጋቢት፦ ሁዳዴ

ጾሙ ገባ፣ እንቁላል ቆመ። ሱቁ ዋጋ ወደ 13 ብር አወረደ፣ የሚወስደውም ግማሹን ነው። ዶሮ ግን አትጾምም፣ መኖውም አይረክስም። ለ55 ቀን ይህን የሚችል ሂሳብ ከመጀመሪያው መያዝ አለበት። ረመዳንም አብሮ ስለገባ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በደንብ ገዙን። ሁለት ኬክ ቤቶችም ቋሚ ደንበኛ ሆኑ።

የተረፈው ተቀመጠ። እንቁላል ሳይታጠብ፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ፣ በቀዝቃዛ ክፍል ሦስት ሳምንት ያለ ችግር ይቆያል። ከታጠበ የላዩ መከላከያ ይለቃል፣ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ከወለል የተለቀመ ቆሻሻ እንቁላል ለቤት ነው፣ ንጹሁ ለማከማቸት። እዚህ ላይ የኬጁ እንቁላል ጠቀመን። ለፋሲካ ሳምንት ዋጋው ወደ 20 ተመለሰ፣ ያከማቸነው በሁለት ቀን አለቀ።

ሚያዝያ፦ ውሳኔ

ኬጁ እንደ ማርቢያ ይቆማል። 12ቱ ዶሮዎች ወደ ጉዝጓዝ ይዛወራሉ። ሁለተኛው ቤት ወደ ማድቤቱ በኩል 2 ሜትር ይረዝማል፣ በዚያው 1.25 ወርድ። በ5 ካሬ ሜትር 24 ዶሮ፤ ለአንድ ካሬ ሜትር አምስት እንኳ አይደርስም። ከፊል ልቁ ባለበት ይቀጥላል፣ ግን ሰኔ እስከ መስከረም በጥላው ስር ብቻ።

ከኬጁ ዶሮዎች አራቱን ቀድሜ አወጣኋቸው፣ ለሙከራ። እግራቸው ደክሟል፤ ቆጥ ላይ መዝለል አልቻሉም። ከመሬት 25 ሳንቲም የሆነ ዝቅተኛ ቆጥ ሠራሁላቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስቱ ከፍተኛው ላይ ማደር ጀመሩ። አራተኛዋ አሁንም ታችኛው ላይ ናት። ኖራ ድንጋይ ለብቻው በሳህን አስቀምጬላታለሁ፣ ትለቅመዋለች። አቧራ ገንዳው ውስጥ ግን ሁሉም በመጀመሪያው ቀን ገብተዋል።

የኬጁ ታችኛ ፎቅ አይጣልም። አዲስ የገባ ወይም የታመመ ዶሮ ለሁለት ሳምንት ተለይቶ የሚቆይበት ይሆናል፣ ከመስኮቱ ርቆ በሩ ጋ። የላይኛው ፎቅ ቱቦላሬ ለጥላው ድጋፍ ይቆረጣል፤ በያጁ ቅዳሜ ይመጣል። አሥር ቆርቆሮ ተገዝቷል። ከሰኔ በፊት ቦዩ 20 ሳንቲም ይጠልቃል፣ በሩ ፊት ያለው ጠጠርም አንድ ንብርብር ይጨመርበታል። ፍቅፋቂ ለአናጢዎቹ ተነግሯል፣ በሳምንት አራት ጆንያ።